ስለ ጥቆማው አመሰግናለሁ

ሰኞ ጠዋት እድላዊት ሰላም ሳትለው አለፈች።

ዘአማኑኤል መጀመሪያ ያላየችው መሰለው። ሳሪስ ባለው የሶፍትዌር ድርጅታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛው ብድግ ብሎ እጁን አነሳ። ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። አጠገቡ የሚቀመጠው ነቢል አይቶ እንዳላየ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀረቀረ። ሰው ለሰላምታ ያነሳውን እጁን ምን ያደርገዋል? ፀጉሩን አከከበት።

እድላዊት ጉተማ የዚያ ቢሮ የኮድ ገምጋሚ ናት። ማንም የጻፈው ፕሮግራም ወደ ደንበኛ ከመሄዱ በፊት በእሷ ዓይን ያልፋል። ጥፋት ካገኘች ከጥፋቱ ጎን አስተያየት ትጽፋለች፣ ባለቤቱ መልስ ይሰጣል፣ ከተስማሙ ይዘጋል። ደንበኞቻቸው የውጭ ሰዎች ስለሆኑ የሚጻፈው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ግን፣ ዘአማኑኤል ምሳ ሳይበላ ሲሠራ ያየችው ቀን፣ ከአንድ ረጅም የእንግሊዝኛ አስተያየት ግርጌ «ምሳህን ብላ፤ ኮዱ የትም አይሄድም» የምትል መስመር በአማርኛ ጣል አደረገች። እሱም «አብረን ካልሆነ አልበላም» ብሎ መለሰላት። ፈረንጆቹ ፊደሉን አይተው የኮምፒዩተር ስህተት ሳይመስላቸው አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ በየአስተያየቱ ግርጌ አንድ የአማርኛ መስመር ልማዳቸው ሆነ። እድላዊት ቢሮ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን አቃቂ በሰቃ ካለው ከወላጆቿ ቤት ሆና ትሠራለች። ግድግዳው ስስ በሆነ ቤት ውስጥ ደግሞ የስልክ ወሬ የቤተሰብ ወሬ ነው። ስለዚህ በስልክ የማይባለው፣ ፊት ለፊትም የሚያሳፍረው ነገር ሁሉ እዚያ ግርጌ ላይ ተባለ። ፍቅራቸው ያደገው እዚያ ነው።

ወደ ጠረጴዛዋ ሄደ።

«እድል፣ ምን ሆነሻል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ አብጠዋል። ያቺ ሲያያት ጉንጯ ላይ የምትመጣው ፈገግታ የለችም።

«ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ተቀብያለሁ። በተባለው ቀን ይፈጸማል» አለችው፣ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የራስህን ቃል ነው የምትጠይቀኝ?» ቦርሳዋን አነሳች። «ይሁን፣ አንተ ርሳው። አባቴ ግን አይረሳውም።»

ደረጃውን ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ሰማ። ምን እንዳጠፋ አላወቀም።

እዚህ ላይ የዘአማኑኤልን ኩራት መናገር ግድ ነው፤ ኀፍረቱ የገባው በኩራቱ በር ነውና። ከሦስት ሳምንት በፊት አለቃቸው ሥራው እንዲፈጥን ሲያጣድፋቸው፣ ዘአማኑኤል አራት የኤአይ ኤጀንቶችን፣ በሰው ፈንታ ራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ አሰልፎ አንድ የሥራ ሰንሰለት ሠራ። አንደኛው የደንበኛውን ጥያቄ አንብቦ ይከፋፍላል፣ ሁለተኛው ኮዱን ይጽፋል፣ ሦስተኛው ይፈትሻል። አራተኛው በዘአማኑኤል ስም ሆኖ ለገምጋሚ አስተያየት መልስ ይሰጣል፣ ያስተካክላል፣ ይዘጋል። ሳምንት የሚፈጀው ሥራ በቀን አለቀ። አለቃው በሰው ሁሉ ፊት አጨበጨበለት።

ነቢል ብቻ አንድ ነገር ብሎት ነበር። «አራተኛው ከሰው ጋር ነው የሚያወራው። እሱን እንኳ ለራስህ አታስቀርም?»

ዘአማኑኤል ያን ቀን በልቡ የእድላዊትን መስመሮች አስቦ ነበር። «በአማርኛ የተጻፈውን ለእኔ ተወው» የምትል አንዲት ትእዛዝ መጨመር ብቻ ነበር የሚበቃው። ነገ እጨምራታለሁ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አስተያየቶቹን ራሱ ከፍቶ አላነበበም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ሲያፈስስ ሦስት ሳምንት ሞላው፤ ለመልቀም እንኳ አላጎነበሰም።

አሁን ተቀምጦ የተዘጉትን አስተያየቶች ከፈተ።

«ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አቃቂ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገዱ ተዘግቶ። ጫማዬ አለቀሰ» ብላለች። መልሱ፦ «ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ።»

«አባባ የጡረታ ስጦታ ሰዓቱን ሰጠኝ። ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንተን ይመስላል።» መልሱ፦ «ተመልክቼዋለሁ፤ ይስተካከላል።»

«ስታነብ ከንፈርህን ታንቀሳቅሳለህ። ያኔ ነው የምወድህ።» መልሱ፦ «ስለ ጥቆማው አመሰግናለሁ፤ ተስተካክሏል።»

ዘአማኑኤል እጁን አፉ ላይ አደረገ። ተስተካክሏል ይላል። የምትወደው ነገር ተስተካክሏል።

የመጨረሻው ባለፈው ማክሰኞ የተጻፈ ነው። «አባባ ሰው ካለሽ በፊት ለፊት በር ይምጣ ብሎኛል። በመጪው እሑድ ከሰዓት ቤት ነው። ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ ያኔ ላክ። የማትችል ከሆነም እዚሁ ንገረኝ፤ አልቀየምህም።»

ከሥሩ በራሱ ስም፣ በራሱ ፎቶ፣ ያ ጨዋ መልስ ተቀምጧል። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ተቀብያለሁ። በተባለው ቀን ይፈጸማል።» ከዚያም ተዘግቷል።

እሑድ ትናንት ነበር። ትናንት ከሰዓት ዘአማኑኤል ቤቱ ተጋድሞ ኳስ ሲያይ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ነቢል አንገቱን ሰገግ አድርጎ አነበበና ትከሻውን ያዝ አደረገው። ያቺ እጅ ከስድብ የበለጠ አቃጠለችው።

*

ወደ አቃቂ ከመሄዱ በፊት አባቱ ዘንድ ሄደ። አቶ ፈቀደ ጎተራ አካባቢ ትልቅ የመኪና መለዋወጫ መደብር አላቸው፤ ቤታቸው ሲኤምሲ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ዘአማኑኤል ስለ እድላዊት ትንፍሽ አላለም። እናቱ «የሰው ልጅ ጋብቻው በዘሩና በሠፈሩ ነው» የምትል ሴት ናት። አቃቂ ሲባል ደግሞ የፋብሪካ ጭስና ጭቃ ብቻ ነው የሚታያት። ዛሬ ግን ባንኮኒው ፊት ቆሞ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረ፤ ሠራተኞቹ ይስሙት አይስሙት ግድ አልሰጠውም።

አባቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሰው አባት እኔን ብሎ በሩን ከፍቶ ዋለ? እኔ ሳላውቅ?»

«አዎ።»

«ማፈሪያ» አሉት። ሊወጣ ሲል ግን «ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ። ሽማግሌ ብትልክ እንኳ በዚህ ላይ አይላክም። መጀመሪያ ፊትህን አሳያቸው» አሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ የሦስት ሳምንቱን መስመሮች ደጋግሞ አነበበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ረዳቱ «ሒሳብ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራው፤ በሦስተኛው «ወንድም፣ እየጸለይክ ነው እንዴ?» አለው። ሰዎች ሳቁ። መሳቃቸው ልክ ነበር።

*

የአቶ ጉተማ ቤት ከአስፓልቱ ገባ ብሎ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ነው። በሩን የከፈቱለት ወይዘሮ አሰጋሽ፣ የእድላዊት እናት፣ ናቸው። ስሙን ሲነግራቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

«ልጅ ጠያቂ ራሱ አይመጣም» አሉት ቀስ ብለው።

«ልጠይቅ አልመጣሁም እማዬ። ይቅርታ ልል ነው የመጣሁት።»

አቶ ጉተማ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት መካኒክ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ናቸው። ከግድግዳው ላይ ጥቁር ኮታቸው ተሰቅሏል፤ የትናንቱ የካውያ መስመር ገና አልጠፋም። ተቀመጥ አላሉትም። ዘአማኑኤልም ለመቀመጥ አልደፈረም።

ተናገረ። ስለ ኤጀንቶቹ፣ ስለ አራተኛው፣ በስሙ ስለተሰጠው መልስ፣ ስላልጨመራት አንዲት ትእዛዝ። ቃላቱ ቢሮ ውስጥ ብልጠት የነበሩት እዚህ ቤት ሲደርሱ ስንፍና ሆኑ። ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

አቶ ጉተማ ወደ ግቢው አሻግረው አዩ።

«ድሃ ብለው ናቁን ነበር ያልኩት» አሉ። «ወንድሜ ጃለታ ከዱከም መጥቶ ነበር። ከእድር አስር ወንበር ተውሼ ግቢው ውስጥ ደረደርኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል አልኩ። አስር ሰዓት ላይም እንደዚያው አልኩ። ሠፈሩ በአጥር ያያል። ሲመሽ ወንበሩን በትከሻዬ ተሸክሜ መለስኩ። እንግዲህ ንቀት እንኳ አልነበረም በለኛ። ጭራሽ ያወቀንም የለም።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ቆይ እስኪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛ ፋብሪካ አዲሱ የሽመና ማሽን ሲመጣ እኔ ብቻዬን አስራ ሁለቱን እጠብቅ ነበር። ራሱ ነው የሚሠራው። ግን ከሺህ ክር አንዲት ክር ከተበጠሰች ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰው መጥቶ እስኪቀጥላት አይንቀሳቀስም። ያንተ ማሽን ክር ሲበጠስ አይቆምም?»

«አይቆምም ጋሼ» አለ ዘአማኑኤል። «እንዲቆም አላዘዝኩትም። ይቀጥላል።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የሚወጣው» አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ያኔ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና እድላዊት ወጣች። አላያትም፤ ማየት አቅቶት እግሮቿን ብቻ አየ። ያለቀሰ የተባለው ጫማ ነው።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። «ብታነበው ኖሮ ትልክ ነበር?»

ይህችን ጥያቄ ነበር መንገዱን ሁሉ ሲሸሻት የመጣው። አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነው። አዎ ቢል ጥፋቱ ሁሉ የማሽን ይሆናል፣ እሱም ነፃ ይወጣል። ሁሉም አዎ እንዲል ይጠብቃሉ፤ ወይዘሮ አሰጋሽም ጭምር።

«አላውቅም» አለ።

ወይዘሮ አሰጋሽ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«ፈሪ ነበርኩ፣ እድል። ለቤተሰቤ ስምሽን አልነገርኩም ነበር። እናቴ የምትለውን አውቃለሁና በየወሩ ለሚመጣው ወር አሳልፈው ነበር። ባነበው ምናልባት ትንሽ ቆዪ እል ነበር። ዛሬ ለአባቴ ነግሬያለሁ። ግን ዛሬ የነገርኩት ካፈርኩ በኋላ ነው፤ ጀግንነት አይደለም። ማሽኑ ቢያንስ ተቀብያለሁ ብሎሻል። እኔ እሱን እንኳ አላልኩሽም።»

ከውጭ የብየዳው ድምፅ ይሰማል። እድላዊት እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ንቀት ቢሆን ይገባኝ ነበር» አለች። «እናትህ ብትጠላኝም ይገባኝ ነበር። ያልገባኝ ሌላ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ ስትለኝ፣ ከእኔ ጋር ጨዋ መሆን የጀመርከው ልትተወኝ ነው ብዬ እፈራ ነበር። ከዚያ በተባለው ቀን ይፈጸማል አልከኝ። ያን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ታውቃለህ? የማንም ያልሆነ ቃል ታቅፌ ነው የከረምኩት።»

ዘአማኑኤል ሚኒባሱ ውስጥ ደጋግሞ ያነበባቸውን መስመሮቿን በቃሉ ይዘረዝር ጀመር።

«ከመናኸሪያ እስከ አቃቂ በእግርሽ ሄድሽ» አለ፣ ዓይኖቹን መሬት ላይ ተክሎ። «መንገዱ ተዘግቶ። ጫማሽ አለቀሰ። አባባ የጡረታ ሰዓታቸውን ሰጡሽ፤ ወደ ኋላ ይቀራል፤ እኔን ይመስላል። እማዬ ስሜን ጠየቁሽ፣ ስትነግሪያቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት። የጎረቤታችሁ የእማማ ዲንቄ በግ ቻርጀርሽን በላ። በዝናቡ ቀን መብራት ጠፍቶ በስልክሽ ብርሃን የእኔን ኮድ ገመገምሽ፤ ጥፋት አላገኘሽበትም፣ ተናደድሽ።»

አንድ በአንድ ወረደው። አስራ ሰባት ነበሩ። አቶ ጉተማ ስለ ሰዓታቸው ሲሰሙ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው አዩ። ወይዘሮ አሰጋሽ ስለ ስሙ ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እድላዊት ከመጋረጃው አጠገብ እንደቆመች ናት። አስራ ስድስተኛው ላይ ዘአማኑኤል ቆመ።

«አለቀ?» አሉ አቶ ጉተማ።

«አንድ ቀርቷል ጋሼ።»

«በለዋ።»

ዘአማኑኤል ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። የሰው አባት ፊት ቆሞ ልጅዎ ከንፈሬን ስታይ ትወደኛለች አይባል። እድላዊት የትኛው እንደሆነ ገባትና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«እሱ ይቅር አባባ» አለች። ከትናንት ወዲህ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ድምፅ መሰለ።

አቶ ጉተማ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ከወንበራቸው ተነሥተው ኮታቸውን ከግድግዳው አወረዱና አቧራ የሌለበትን ትከሻ መጥረግ ጀመሩ።

«አባትህ ሽማግሌ ልኮ በሬ ቢንኳኳ አልዘጋም» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡት። «መልሱ ግን የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። እሷንም አላስገድድም፣ አላባብልም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ያን ወንበር በዚህ ሠፈር መሀል ሁለተኛ አልሸከምም።»

ዘአማኑኤል ነገሩ ገባው።

«እኔ እሸከማለሁ ጋሼ።»

«እንዴት ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «ጠያቂው ራሱ በሠፈር ወንበር ሲሸከም ይታይ? ነውር ነው።»

«ነውሩማ ቀድሞ መጥቷል» አሉ አቶ ጉተማ።

በሩ ድረስ የሸኘው አልነበረም። ግን በሩን ከኋላው የዘጋውም አልነበረም፤ አስፓልቱ እስኪደርስ ድረስ ይህችን ያህል ተስፋ ይዞ ሄደ።

*

ቅዳሜ ጠዋት አራተኛው ኤጀንት ከሥራ ከወጣ አምስት ቀን ሆኖታል። ነቢል «ሦስቱ ይበቁሃል» ብሎት ነበር። በዚያ ሳምንት ከእድላዊት የመጡት አስተያየቶች እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፤ ግርጌያቸው ባዶ ነው። ዘአማኑኤል ግን በየአንዳንዱ ግርጌ ያለፉትን መስመሮች በራሱ እጅ፣ አንድ በአንድ መለሰ። ለሰዓቱ «ወደ ኋላ ቢቀርም ይደርሳል» አላት። መልስ አልመጣም።

አባቱ ሽማግሌ የሚልኩት በማግስቱ እሑድ ነውና፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ሶሬሳ መጋዘኑን ከፈቱለት። አስሩ ወንበሮች የብረት እግር ያላቸው፣ ከባድ፣ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው ናቸው። ደጅ ላይ የቆመ ባለባጃጅ አዘነለት።

«እዚህ ጫናቸው ባክህ፣ በሁለት ዙር ላድርስልህ።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አለ ዘአማኑኤል። «በእጄ ነው።»

ሁለት ሁለት እያደረገ፣ በብየዳ ቤቶቹ ፊት፣ በሱቆቹ ፊት፣ ውሃ በሚቀዱት ሴቶች ፊት ተሸክሞ ሄደ። ሠፈሩ ሥራውን አቁሞ አየው። ሁለተኛው ዙር ላይ እማማ ዲንቄ ከበጋቸው ጋር መንገዱ መሀል ጠበቁት።

«ያ ያልመጣው አንተ ነህ እንዴ?» አሉት፤ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ።

ላቡ በዓይኑ ገባ። ወንበሮቹን ሳያወርድ ቆመ። «እኔ ነኝ እማማ» አለ።

እማማ ዲንቄ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና በጉን ጎትተው መንገድ ለቀቁለት። ኀፍረቱ አልቀለለም። ግን አሁን የራሱ ነው፤ በራሱ ትከሻ ላይ ነው ያለው፤ ሌላ የሚሸከምለትም እንዲኖር አልፈለገም።

አራተኛውን ዙር ሲያደርስ እድላዊት የግቢው በር ላይ ቆማለች። እጇ ላይ የአባቷ ሰዓት አለ። እንደ ሰኞው አልሸሸችውም፤ እንደ ድሮውም አልሳቀችለትም።

«ስንት ቀረ?» አለችው።

ግቢው ውስጥ የደረደራቸውን ዞሮ አየ። መሳሳት ፈራ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠራቸው። ሲቆጥር ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ አላወቀም፤ ያወቀው ቀና ሲል ዓይኖቿን ከንፈሩ ላይ ሲያገኛቸው ነው።

«ሁለት» አለ።

«እሺ» አለች እድላዊት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ወደ እድር ቤቱ በሚወስደው መንገድ ቀድማው ወጣች። «አንዱን እኔ እይዛለሁ።»